ለሐይቅ ዳርቻ የሚሆን የጀልባ ሞተር፦ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት እግሩን ለኩ

ጥያቄው የመጣው ወሎ ውስጥ ካለችው የሐይቅ ከተማ ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላል፦

«አራት ጓደኛሞች ተደራጅተን አንዲት የፋይበር ጀልባ ገዝተናል። ሆዷ ጠፍጣፋ ነው፤ ርዝመቷ 4.8 ሜትር። ስድስት ሰው እንጭናለን፤ ጎብኚም አለ፣ ወደ ማዶ የሚሻገርም አለ። ዳርቻው ላይ ውኃው ጉልበት ድረስ ነው። ጭቃና ፊላ አለበት። ከሰው 25 ፈረስ ጉልበት ሞተር ተውሰን ሞከርናት። ፕሮፔለሩ ጭቃውን ያርሰዋል፣ ሣር ይጠመጠምበታል፣ አንድ ቀን ደግሞ ጋለና ቀጥ አለ። አሁን አንዱ 40 ግዙ ይለናል። ሌላው ጄት ነው የሚያዋጣችሁ ይላል። ሦስተኛው በውኃ ፓምፕ ሞተር የሚሠራ ረጅም ጅራት ያለው አለ ይላል። ገንዘባችን አንዴ ከወጣ አይደገምም። ምን እንግዛ? ሞተሩ የሚታሰርበት የጀልባዋ ጀርባ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። የተዋስነው ሞተር እግሩ 52 ነው።»

ወንድሜ፣ ሁለቱን ቁጥሮች መጨረሻ ላይ ስለጻፍክልኝ አመሰግንሃለሁ። የመልሱ ግማሽ እዚያ ነው ያለው።

ስለ ራሴ በአጭሩ ልንገራችሁ። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። አብዛኛው ቀኔ የሚያልፈው በውኃ ፓምፕና በጀነሬተር ነው። የጀልባ ሞተር የተማርኩት ግን ባሕር ዳር፣ ጣና ላይ ነው። እዚያ ጭቃ የበላቸው ብዙ ሞተሮች ፈትቻለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ በእጄ የነካሁትን ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቀን ስጡኝ። አንድ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ አጣና አምጡ። ከታች ጀምራችሁ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በቀለም ምልክት አድርጉበት። ከምትነሱበት ቦታ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ በየአምስት ሜትሩ ውኃውን ለኩ። ጥልቀቱን ጻፉ። አጣናውን ጫን አድርጋችሁም ሞክሩት፤ መሬቱ ጠንካራ ነው ወይስ ይሰምጣል? ፊላው የት ያልቃል? ይህን ከክረምቱ በፊት፣ ውኃው በሚቀንስበት ጊዜ ብታደርጉት ይመረጣል። መስከረም ላይ ለክታችሁ የገዛችሁት ሞተር ግንቦት ላይ ሊያሳፍራችሁ ይችላል።

ለምን ይህን ያህል አጠብቃለሁ? የእናንተ ሐይቅ ጥልቅ ሐይቅ ስለሆነ ነው። መካከሉ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጥልቀት የሌለው ዳር ዳሩ፣ በተለይም ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣው ወንዝ ደለሉን የሚያራግፍበት አካባቢ ነው። ታዲያ እናንተን የሚያስቸግራችሁ ዳርቻ ስንት ሜትር ነው? 40? 60? 300? ሰው ይህን ሳይጠይቅ «ለጥልቀት አልባ ውኃ የሚሆን ሞተር» ፍለጋ ይወጣል። ከዚያ ለ50 ሜትር ጭቃ ብሎ የገዛው ሞተር ለቀሪው አምስት ኪሎ ሜትር ጥልቅ ውኃ ሳይሆን ይቀራል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ችግሩ ከ100 ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ሞተር የምትመርጡት ለጥልቁ ውኃ ነው። ዳርቻውን በአጣና እየገፋችሁ ውጡ። 60 ሜትር በአጣና መግፋት ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እሱም ደግሞ ያው የለካችሁበት አጣና ነው። ዕዳ የለበት፣ ቤንዚን አይጠጣ።

አሁን ወደ ሁለቱ ቁጥሮች እንምጣ።

የጀልባ ሞተር እግር በሦስት መደበኛ ርዝመት ይሠራል። አጭሩ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ረጅሙ 51፣ በጣም ረጅሙ 63 ተኩል ያህል። ከአምራች አምራች ትንሽ ይለያያል፤ አጭር የሚባለው አንዳንዴ 40ም 43ም ይመጣል። የሚለካው ሞተሩ ጀልባዋ ላይ ከሚንጠለጠልበት መንጠቆ አንስቶ ከፕሮፔለሩ በላይ እስካለችው ጠፍጣፋ ክንፍ ድረስ ነው። ያቺ ክንፍ ዋና ምልክታችሁ ናት። ሥራዋ ፕሮፔለሩ ከላይ አየር እንዳይስብ መከልከል ነው። መቀመጥ ያለባትም ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ብላ ነው።

የእናንተ ጀርባ 40 ነው። የሞተሩ እግር 52። ስለዚህ ክንፏ ከጀልባዋ ሆድ 12 ሴንቲ ሜትር ወርዳ ነበር። ያ 12 ሴንቲ ሜትር ምንም ጥቅም የለውም። ውኃ ይጎትታል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ጭቃ ይቆፍራል።

በቁጥር እንየው። የጀልባዋ ሆድ ውኃ ላይ የሚያርፈው ስፋት ወደ አምስት ተኩል ካሬ ሜትር ነው ብለን እንያዝ። እንግዲያው 55 ኪሎ በተጨመረ ቁጥር ጀልባዋ 1 ሴንቲ ሜትር ትጠልቃለች። የጀልባዋን ክብደት፣ ስድስት ሰው፣ ሞተርና ቤንዚን ስትደምሩ 700 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ትጠልቃለች። ሞተሩና ነጂው ኋላ ስለሆኑ ጀርባዋ 18 ያህል ይወርዳል። ከክንፏ በታች ደግሞ ፕሮፔለሩና ከሥሩ ያለችው ስለት 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ በ25ቱ ላይ ትንሽ ይበልጣል። 18፣ 12፣ 32። ስትደምሩት 62 ሴንቲ ሜትር መጣ። ውኃችሁ ጉልበት ድረስ ነው ብላችኋል፤ ይህ 50 ቢሆን ነው። ጭቃውን ያረሰው ሌላ ምክንያት የለውም። ሞተሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም።

አጭር እግር ያለው ትንሽ ሞተር ብታስሩባት ያ 12 ይጠፋል፣ 32ቱም 30 ይሆናል፤ 48 ላይ ትደርሳላችሁ። ጉልበት ውኃ ላይ ልክ አፍ አፉ ላይ ናችሁ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሴንቲ ሜትር በሴንቲ ሜትር እንለቅማለን።

የመጀመሪያው ለቀማ ክብደት ማዛወር ነው። ዳርቻው ላይ ስትሆኑ ተሳፋሪውን ወደ ፊት ሰብሰብ አድርጉት። የቤንዚን ታንካችሁን ረጅም ቱቦ ቀጥላችሁ ወደ አፍንጫዋ ውሰዱት። ጀርባዋ ከ18 ወደ 14 ይወጣል። ጥልቁ ውኃ ውስጥ ስትገቡ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለስ። አፍንጫዋ የከበደ ጀልባ ማዕበል ውስጥ አትታመንም።

ሁለተኛው ሞተሩን ከፍ ማድረግ ነው። ጀርባዋ ላይ ጠንካራ የእንጨት ጉማጅ አስገብቶ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ማንሳት ይቻላል። ከዚህ የተሻለው ሞተሩን ከጀርባዋ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ የሚያርቅ ሰሌዳ ነው። ከጀልባዋ ሥር የሚወጣው ውኃ ኋላ ላይ ትንሽ ወደ ላይ ስለሚያብጥ ፕሮፔለሩ ከፍ ብሎም ንጹሕ ውኃ ያገኛል። ይህን ሰሌዳ ኮምቦልቻም ደሴም ጥሩ በያጅ ይሠራዋል። ግን ሁለት ነገር አደራ። ከወፍራም ላሜራ ይሁን፤ ሞተሩ ሲገፋ ክብደቱ ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ብሎኖቹ ደግሞ ጀርባዋን በስተው በሌላው በኩል በሰፊ ሮንዴላ ይታሰሩ። ጀልባዋ ፋይበር ናት፤ ጠባብ ሮንዴላ ይሰረስራታል። ሞተሩን ወደ ኋላ ስታርቁት ጀርባዋ እንደሚከብድም አትርሱ፤ ከ15 በላይ አትሂዱ።

ከፍታው ሲበዛ ምልክት አለው። ስትጠመዝዙ ሞተሩ ድንገት ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም። ፕሮፔለሩ አየር ሳበ ማለት ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር መልሱት። እዚያ ላይ ቦታውን አገኛችሁ።

ሦስተኛው ሞተሩን ማዘንበል ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ለዝቅተኛ ውኃ የተሠራ መያዣ አላቸው፤ እግሩ ወደ ኋላ ዘመም ብሎ ይቆማል። ይህ ሌላ ስምንት አሥር ሴንቲ ሜትር ይሰጣችኋል። ደንቡ ግን ጥብቅ ነው። በቀስታ ብቻ ነው የሚነዳው። ወደ ኋላ ማርሽ አይገባም፤ በዚያ ቦታ ላይ እግሩ ስለማይቆለፍ ወደ ኋላ ስታደርጉት ሞተሩ ተስፈንጥሮ ይነሳል። ውኃ የሚስብባቸው ቀዳዳዎችም ከውኃ መውጣት የለባቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ነጂ ጭቃ ሲነካው ጋዝ ይሰጣል። ተገላቢጦሽ ነው የሚሠራው። ጋዝ ሲሰጥ ጀልባዋ አፍንጫዋን ታነሳና ቂጧ ይሰምጣል። በዚያች ቅጽበት ከቆመችበት ይልቅ ጥልቀት ትፈልጋለች። ዳርቻ ላይ ጋዝ ዝቅ፣ ሰው ወደ ፊት።

እንግዲህ ስንት ፈረስ ጉልበት? ለእናንተ 15 እላለሁ።

40 ይግዙ ያላችሁ ሰው ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል። ግን ፎር ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የማይደባለቅበት) 40 ብቻውን ከ90 ኪሎ በላይ ይመዝናል። 15ቱ 50 አካባቢ ነው። ያ ልዩነት ሁሉ የሚያርፈው ጀርባዋ ላይ ነው፤ ልታነሱት የምትታገሉት ቦታ ላይ። ከዚያ በፊት ደግሞ ጀልባዋ ላይ የተለጠፈውን የአምራቹን ሰሌዳ ተመልከቱ፤ የምትችለው ከፍተኛ ጉልበት ተጽፎ ይሆናል። እሱን ማለፍ የለባችሁም። 4.8 ሜትር ጀልባ ውኃውን እየሰነጠቀች ስትሄድ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ የተፈጥሮ ጣሪያዋ ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ ውኃው ላይ ተነስታ መንሸራተት አለባት፤ ለዚያ ደግሞ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ሐይቃችሁ ከዳር እስከ ዳር ሰባት ኪሎ ሜትር አይሞላም። በ9 ብትሄዱ እንኳ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ጎብኚ የመጣው ውኃውን፣ ወፉን፣ የእስጢፋኖስን ገዳም ከውኃ ላይ ሊያይ ነው። ምን አስቸኮለው?

ግን 15ቱ እናንተ ዘንድ 15 አይደለም። ይህን ሻጮች አይነግሯችሁም። ሞተር የሚለካው ባሕር ጠለል ላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ሐይቅ ከ1,900 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ 15ቱ 12 ያህል ሆኖ ነው የሚደርሳችሁ። ይህ ተበላሽቶ አይደለም። እንደ እኛም ደገኛ አየር እየተነፈሰ ነው።

ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለው። አንደኛው ካርበሬተሩ ነው። አየር ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካንዴላውን ስትፈቱት ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ካያችሁ ያ ነው። ቤንዚን የምታሳልፈዋን ትንሽ የናስ ቀዳዳ በአንድ ቁጥር ወይም በሁለት ቁጥር ባነሰች መለወጥ ነው። በመርፌ ወይም በሽቦ የነካካ ሰው ግን አይንካባችሁ፤ ቀዳዳዋን ያሰፋታል። ኮምቦልቻና ሐይቅ ከፍታቸው ስለሚቀራረብ እዚህ የተስተካከለ ካርበሬተር እናንተ ዘንድም በደንብ ይሠራል። ከቆላ የመጣ ሞተር ግን እንደመጣ አይታሰር። ነዳጅ በመርጨት የሚሠሩት አዳዲሶቹ ሞተሮች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ የጎደለውን ጉልበት ግን እነሱም አይመልሱም።

ሁለተኛው ፕሮፔለሩ ነው። ፕሮፔለር ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፏል። አንዱ ስፋቱ ነው። ሌላው ፒች ይባላል፤ ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን ጠንካራ ነገር ውስጥ ቢገባ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ነው፣ በኢንች። የማርሽ ያህል አስቡት። ሦስት ሰው የጫነች ባጃጅ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጣ በትልቁ ማርሽ ብትሞክር ምን ትሆናለች? ታቃስታለች፣ ትግላለች። ትልቅ ፒች እናንተ ላይ እንዲያ ነው። 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ፒች ባለው ይመጣል። እናንተ ስድስት ሰው ትጭናላችሁ፣ ከፍታ ላይ ናችሁ። 8 ወይም 9 ፈልጉ።

ትክክል መሆኑን የምታውቁት በዙር መለኪያ ነው። ሙሉ ጭነት ጭናችሁ ጥልቅ ውኃ ላይ ጋዙን እስከ መጨረሻ ስጡት። ብዙ ትንንሽ ፎር ስትሮክ ሞተሮች በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር መድረስ አለባቸው። የእናንተን መጽሐፉ ላይ እዩት። ከታች ከቀረ ፒቹን ቀንሱ፤ አንድ ኢንች መቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል።

የፕሮፔለሩ ዓይነት አሉሚኒየም ይሁን። አይዝጌ ብረት ያምራል፣ ይጠነክራልም። ግን ድንጋይ ሲመታ እሱ አይጎዳም፤ ጉዳቱን ወደ ውስጥ ወደ ማርሹ ይልከዋል። አሉሚኒየሙ ይታጠፍና ማርሹን ያድናል። የታጠፈ ምላስ በመዶሻ ይቃናል። ማርሽ ግን ከየት ይመጣል? ትርፍ ፕሮፔለር፣ ትርፍ ፒንና የመፍቻ ቁልፍ ሁልጊዜ ጀልባዋ ውስጥ ይኑር። አራት ምላስ ያለው ካገኛችሁ ከፍ ተደርጎ ለታሰረ ሞተር ከሦስቱ ይሻላል፤ ውኃውን አይለቅም።

ቱ ስትሮክ ወይስ ፎር ስትሮክ? ቱ ስትሮኩ ቀለል ይላል፣ ለመካኒክም ይቀናል። ዘይቱን ግን ከቤንዚኑ ጋር እያቃጠለ ከፊሉን ውኃው ላይ ይተፋል። የእናንተ ሐይቅ ወንዝ አይወጣበትም። የገባበት እዚያው ይቀራል። ሰው ይጠጣዋል፣ ከብት ይጠጣዋል፣ ዓሣው የሚወጣው ከእሱ ነው። ፎር ስትሮክ ግዙ። በክብደት የሚበልጥበትን አሥር ኪሎ ያህል እችለዋለሁ በሉ። ሲጓጓዝ ግን በትክክለኛው ጎኑ ይተኛ፤ ጎኑ ላይ ምልክት አለው። በተሳሳተው ካስተኛችሁት ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል።

አሁን ጋለና ቀጥ አለ ወዳላችሁት ልምጣ። በእኔ ግምት ከሁሉ አሳሳቢው ይኸ ነው።

የጀልባ ሞተር ራዲያተር የለውም። የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ ውኃ እየሳበ ነው። የሚስበው እግሩ ውስጥ በተቀመጠች፣ ከጎማ በተሠራች ተሽከርካሪ የውኃ መሳቢያ ነው፤ እንደ አበባ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ክንፍ አላት። መዳፍ ውስጥ የምትገባ ናት። ሞተሩ የሚኖረው በእሷ ነው። ጭቃ ስትስብ ክንፎቿ እንደ ሞረድ እየተፋቁ ያልቃሉ። ውኃ ሳይኖር ለጥቂት ሰከንድ ብትዞር ደግሞ ትቃጠላለች፤ ውኃው ማቀዝቀዣዋም ማለስለሻዋም ስለሆነ። ስለዚህ ሞተሩን ከውኃ ውጭ «እስቲ ይነሳ እንደሆን» ብላችሁ አታስነሱት።

ባሕር ዳር እያለሁ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ዓሣ አስጋሪ ጋለብኝ ብሎ ሞተሩን አመጣልኝ። ስፈታው ጎማዋ ሁለት ክንፍ የላትም። አዲስ ገጠምኩለት። በርሜል ውስጥ አስነሳሁት፣ ውኃ ተፋ፣ ሰውዬው አመስግኖኝ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። የሲሊንደሩን ክዳን የሚያሽገው ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል። ለምን? የተቆረጡት ሁለት ክንፎች የት ሄዱ ብዬ አልጠየቅኩም ነበር። ወደ ላይ ወጥተው ቱቦውን ግማሽ በግማሽ ደፍነውት ነው ያገኘኋቸው። እያንዳንዳቸው የጥፍር ያህል ናቸው። የዚያን ሰው የሳምንት እንጀራ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎማ ስፈታ ክንፎቿን እቆጥራለሁ። ከጎደሉ ቁራጮቹን ሳላገኝ አልዘጋም። እናንተም የሚሠራላችሁን መካኒክ ይህን ጠይቁት። የተዋሳችሁትን ሞተርም ከመመለሳችሁ በፊት ጎማዋን አስፈትሹለት፤ የሰው ንብረት ነው።

ዓይናችሁ ሁልጊዜ ከሞተሩ ጎን በምትወጣው ቀጭን የውኃ ጅረት ላይ ይሁን። ጠንክራ ከወጣች ሞተሩ ደህና ነው። ከሳሳች ወይም ትኩስ እንፋሎት ከሆነች ወዲያው አጥፉት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ካጠፋችሁ በኋላ እግሩን አንሱ፣ ውኃ የሚገባበትን ወንፊት እዩ። ብዙ ጊዜ የፊላ ቅጠል ወይም ላስቲክ ተለጥፎበት ታገኙታላችሁ። የጅረቷን መውጫ በቀጭን ሽቦ ጥረጓት። ጭቃ ውስጥ የዋለ ሞተር ማታ ንጹሕ ውኃ የሞላ በርሜል ውስጥ ገብቶ አምስት አሥር ደቂቃ በሚኒማ ይሥራ። ጎማዋን በእናንተ ውኃ በየዓመቱ ለውጡ፤ ሁለት ዓመት አትጠብቁ። ሞተሩን ስትገዙ ሁለት ትርፍ ጎማ አብራችሁ ግዙ።

ሣር ሲጠመጠምበትም ጋዝ እየሰጡ ለመበጠስ አይሞከርም። ሞተሩን አጥፉ፣ የማጥፊያውን ገመድ (ሲነቀል ሞተሩን የሚያቆመውን) ንቀሉ፣ ከዚያ እግሩን አንስታችሁ በእጅ ፍቱት። ገመዱ ሳይነቀል እጅ ወደ ፕሮፔለር አይሄድም።

ስለ ሌሎቹ አማራጮች አጠር ላድርግ።

ጄት ለእናንተ አይሆንም። ጄት ፕሮፔለር የለውም፤ ውኃ ከሥር ስቦ ወደ ኋላ ይረጫል። ድንጋያማ፣ ፈጣን፣ ንጹሕ ወንዝ ላይ ተወዳዳሪ የለውም። ግን ከሞተሩ ጉልበት ወደ 30 በመቶ የሚሆነውን ይበላል። ከፍታው ሌላ 20 ሲበላ ከ40ው ምን ተረፋችሁ? ወደ 22 ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ መሳቢያው ቅጠል ይወዳል። ፊላ ውስጥ በየአሥር ሜትሩ እየቆማችሁ ታጸዳላችሁ። ብዙ ገንዘብ አውጥታችሁ ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆንባችኋል።

ረጅም ጅራቱ የተለየ ነው፤ እሱን እወደዋለሁ። ታይላንድና በአካባቢዋ ያሉ አገሮች ወንዝ ላይ የታወቀ ነው። ሞተሩ ጀልባዋ ጀርባ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ከእሱ አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ዘንግ ይወጣል፤ ፕሮፔለሩ ጫፉ ላይ ነው። ነጂው ዘንጉን ጫን ወይም ቀለል እያደረገ ከውኃው ሥር ትንሽ ብቻ ያስገባዋል። ጭቃ ላይ ይሄዳል፣ ሣር ላይ ይሄዳል። የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ የሚደፈን ነገር የለውም። ሞተሩ ያው ገበሬው መስኖ ላይ የሚጠቀምበት የ6.5 ወይም የ7 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሞተር ነው። ካንዴላው፣ ፋሻው፣ ካርበሬተሩ ኮምቦልቻ በየሱቁ አለ። የጀልባ ሞተር ዕቃ ግን ፍለጋው ሩቅ ነው። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ታዲያ ለምን አትግዙ እላችኋለሁ? ተሳፋሪ ስለምትጭኑ ነው። አብዛኛው ነጻ ማርሽ የለውም፤ ሞተሩ ከተነሳ ፕሮፔለሩ ይዞራል። ወደ ኋላም አይሄድም። ለማቆም ዘንጉን ከውኃ ታነሱታላችሁ፤ ያን ጊዜ ስለት የመሰለ ነገር በሰው ፊት አየር ላይ ይሽከረከራል። ሕፃን ያለበት ጀልባ ላይ ይህን አልመክርም። ጩኸቱም ጎብኚ ያባርራል። መረብ ለመጣል በየቀኑ ፊላ ውስጥ የሚገባ አንድ ዓሣ አስጋሪ ቢጠይቀኝ ግን መልሴ ሌላ ነበር፤ ረጅም ጅራት ሥራ እለዋለሁ። ዘንጉንና የኩሽኔታ ቤቱን ቶርኖ ቤት ሄዶ በልኩ ያስወጣል።

በባትሪ የሚሠራውን አልጠየቃችሁም፤ እኔ ግን ላንሳው። ትንሿ የኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታ አይነካትም። ድምፅ የላትም። እግሯ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚንሸራተት ጥልቀት በሌለው ውኃ እንደልብ ናት። 12 ቮልት፣ 55 ፓውንድ የምትገፋው ሙሉ ኃይሏን ስትሰጥ 50 አምፔር ገደማ ትጠጣለች። 100 አምፔር ሰዓት የተለመደ ባትሪ ግማሹን ብቻ ነው ሳይጎዳ የሚሰጠው። ስለዚህ በሙሉ ኃይል አንድ ሰዓት፣ በቀስታ ከዚያ በላይ። ነፋስ ተቃውማ አትወጣም። ብቻዋን አትበቃም። ግን ዳርቻውን ለመውጣትና ወፍ ለሚያይ ጎብኚ ሁለተኛ ሞተር ሆና ብትመጣ ከአጣናው ቀጥላ የምመርጣት እሷን ነው። በኋላ ገንዘብ ስታገኙ አስቡባት።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሐይቁ ምን እንደሚመስል እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ነው ለጭቃው ሳይሆን ለጥልቁ ግዙ የምላችሁ። ጭቃ ላይ የቆመ ጀልባ ያዘገያል። መካከል ላይ የቆመ ጀልባ ግን ሌላ ነገር ነው። ለስድስቱም ላይፍ ጃኬት፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ መልሕቅ ከረጅም ገመድ ጋር ይኑር። ጃኬቱ ይለበስ፤ ወንበር ሥር የተቀመጠ ጃኬት ማንንም አላወጣም። ነጂው የማጥፊያውን ገመድ እጁ ላይ ይሰር።

አዲስ መግዛት አቅም ካጣችሁ፣ ያገለገለ 15 ብታገኙም አብሽሩ፤ መጥፎ አይደለም። ግን ሳታዩ አትክፈሉ። በርሜል ውስጥ አስነሱት፤ የውኃ ጅረቷን እዩ። ቀዝቃዛ ሆኖ ይነሳ፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆት ከጠበቃችሁ ተጠራጠሩ። ከዚያ ከእግሩ በታች ያለችውን ብሎን ፈትታችሁ የማርሹን ዘይት ትንሽ ጣታችሁ ላይ አድርጉ። ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነ ዕድሜው ነው። እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል። እንዲህ ሲሆን ፕሮፔለሩን አስፈቱትና ዘንጉ ሥር ተመልከቱ። የዓሣ መረብ ክር እዚያ ተጠምጥሞ ማኅተም የሆነችውን ላስቲክ ቆርጧት ታገኙ ይሆናል፤ ጣና ላይ በተደጋጋሚ ያየሁት ነገር ነው። ላስቲኳ ርካሽ ናት። ማርሹ ዝጎ ከሆነ ግን ሞተሩን ለሻጩ ተዉለት። የገዛችሁትም ቢሆን በየወሩ ፕሮፔለሩን ፍቱና ክሩን ልቀሙ፤ ሐይቃችሁ ላይ መረብ የማይጣልበት ቀን የለምና።